የማይበጠስ ጠፍር

ላንባህ በምትባል የበረዶ ተራራ መንደር ውስጥ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ሳይሆን በሚያድርበት ቤት ነው። ቤቱ የቀጥቃጭ ቤት ከሆነ፣ ዛሬ ውስጡ የሚኖረው ሰው ጥርስ ሐኪም ቢሆንም ያው "ቀጥቃጩ" ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ቤቱን የገዛ ሰው እንኳ ሁለት ክረምት ካሳለፈ በኋላ የራሱ ስም ይጠፋበታል። ካሲያን የተወለደው በጋሪ ሠሪው ቤት ስለሆነ ዕድሜ ልኩን አንድም ጋሪ ሳይሠራ ጋሪ ሠሪው ሆኖ ቀርቷል። ያ ስም እንደ ቤቱ ጣሪያ ከላዩ ላይ ነው፤ ሲያሻው አውልቆ የሚሰቅለው ነገር አይደለም።

የመጨረሻውን ጋሪ የሠሩት አያቱ ነበሩ። አባቱ ባርቶል ደግሞ ጋሪ የሚገዛ ሲጠፋ ያንኑ ጠንካራ ነጭ እንጨት በረጅሙ እየሰነጠቁ፣ ጫፉን በእንፋሎት እያለዘቡና ሽቅብ እየቆለመሙ ስኪ መሥራት ጀመሩ። የሸለቆው ሰው በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት እንጨት ሁሉ ከሳቸው እጅ የወጣ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚያ ዘመን ስኪ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ብረት የሚባል ጠርዝ የለውም። እግርን ከእንጨቱ ጋር የሚያገናኘው ረጅም የቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍሩ በእንጨቱ ቀዳዳ ሾልኮ፣ ተረከዝን ዞሮ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደገና ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ ሰውየውና እንጨቱ አንድ አካል ናቸው። ሲወድቁ ግን እንጨቱ ወደ አንድ በኩል ይዞራል፣ ሰውየው ወደ ሌላው። መሃል ላይ የሚቀረው እግር ነው። የካቲት ሲመጣ በላንባህ ቤተ ክርስቲያን በምርኩዝ የማይገባ ጎረምሳ ጥቂት ነበር።

ባርቶል ግን እግራቸው ተሰብሮ አያውቅም። ጠፍሩን ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ ራሳቸው በምላጭ ይቆርጡትና መልሰው በሚስታቸው የልብስ ክር ይሰፉታል፤ ስፌቱን ደግሞ የጫማ ቀለም ይቀቡታል። "ስሄድ ይዞኝ ይሂድ እንጂ ስወድቅ አብሮኝ እንዲወድቅ አልፈልግም" ይሉ ነበር። ሲወድቁ ክሩ ጠብ ይላል፤ እግራቸው ነጻ ይወጣል። ችግሩ እንጨቱም ነጻ መውጣቱ ነው። ሰው የሌለው ስኪ ቁልቁለት ላይ እንደ ጦር ነው የሚወርደው። ስለዚህ በላንባህ አንድ ጩኸት ነበረ፤ "ስኪ!" የሚል። ያንን የሰማ ሁሉ፣ ሕፃን ያቀፈችም ወተት የተሸከመም፣ ያለውን ጥሎ ዘወር ይላል። ካሲያን በልጅነቱ ያንን ቃል ከ"እማማ" ቀጥሎ ነው የተማረው እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። መጀመሪያ ጠፍሩ ቀርቶ ተረከዝን በሽቦ ወጥሮ የሚይዝ ማሰሪያ መጣ። ቀጥሎ እንጨቱ ላይ የብረት ጠርዝ ተመታ፤ ጥቂት ቆይቶ እንጨቱ ራሱ ቀርቶ ብረትና ፕላስቲክ ሆነ። በክር የሚታሰረው የቆዳ ጫማ እንደ ባልዲ የደነደነ የፕላስቲክ ጫማ ሆነ። ማሰሪያው ሲወድቁ ራሱ ቀጭ ብሎ የሚለቅ፣ ስኪውም ከእግር ሲወልቅ ሁለት ጥፍር አውጥቶ በረዶውን የሚቧጥጥና ባለበት የሚቆም ሆነ። ያን ጊዜ "ስኪ!" የሚለው ጩኸት ሞተ። መቼ እንደሞተ ያስተዋለ የለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንደጮኸውም የሚያስታውስ የለም።

ተራራውም አብሮ ተለወጠ። ካሲያን ልጅ ሳለ ከመንደሩ በላይ ያለው ቁልቁለት ጉብታው፣ ጉድጓዱ፣ ዛፉ ሁሉ ስም ነበረው፤ የመበለቷ ጉልበት፣ ድስቱ፣ የቄሱ ቆብ። አዲሱ ስኪ አጭርና ወገቡ የሰረጎደ ሲሆን፣ በረዶ ሊንሸራተቱ ከሩቅ የሚመጡት እንግዶችም በፍጥነት መታጠፍ ሲያምራቸው፣ ጉብታው ሁሉ እንቅፋት ሆነ። ቋጥኙ በድማሚት ፈረሰ። የመበለቷ ጉልበት በዶዘር ተገፋ። ድስቱ በጥቁር ፕላስቲክ ተለብጦ ውሃ ተሞላበት፤ ውሃው በቧንቧ ወጥቶ ሰው ሠራሽ በረዶ በሚተፉ መድፍ መሰል ማሽኖች አፍ ይነፋል። ቁልቁለቱ እንደ አውራ ጎዳና ሰፋ፣ ግራና ቀኙ በመረብ ታጠረ፣ ስሙም ሰባት ቁጥር ተባለ።

ካሲያን ሃያ ዓመት ሲሆነው አገሩን ለቆ በዳኑብ ወንዝ ዳር የመርከብ አናጺ ሊሆን ቆርጦ ነበር። ሣጥኑን አሰናድቶ ሳለ አባቱ አልጋ ላይ ዋሉ። ለአንድ ክረምት ብቻ ብሎ ቀረ። ሣጥኑ እስከ ዛሬ በምድር ቤቱ ውስጥ አለ፤ ድንች ይቀመጥበታል። እሱ ግን እንግዶችን ስኪ አስተማረ፣ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣውን የገመድ ወንበር ጠበቀ፣ አግብቶ ወለደ፣ ሚስቱን ቀበረ። ጸጉሩ ሲሸብት ደግሞ የመንደሩን የእንግዳ ትርኢት የሚመራው ኤቫልድ መጣና፣ "ጋሽ ካሲያን፣ የአባትዎን ስኪ አድርገው ቢወርዱልንስ?" አለው።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሱ ቀን ነው። የአባቱን የሱፍ ሱሪ ይታጠቃል፣ የአባቱን ባርኔጣ ይደፋል፣ የአባቱን ስኪ ያስራል፣ በአንዲት ዘንግ ብቻ ሰባት ቁጥርን ይወርዳል። ኤቫልድ በድምፅ ማጉያ፣ "ክቡራትና ክቡራን! ይህ ሰው እንደ ጥንቱ ታስሯል! ከዚህ ጠፍር መውጫ የለውም!" እያለ ያስተጋባል። እንግዶቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከኋላው ወጣት አሰልጣኞች በየዘመኑ ስኪ እየተከታተሉ ይወርዳሉ፣ ጭብጨባው ግን ለካሲያን ነው። ጠፍሩ በልብስ ክር መሰፋቱን ያየ የለም። መስከረም ሲጠባ ምድር ቤት ወርዶ፣ ድንቹ አጠገብ ተቀምጦ፣ እንደ አባቱ ቆርጦ እንደ አባቱ ይሰፋዋል። የሚጠይቀው ስለሌለ ለማንም አልነገረም።

በዚህ ክረምት ጉልበቱ አበጠ። መሬት የረገጠ ሲመስለው ከዳው፤ ሐኪሙም ከስኪ ከለከለው። ኤቫልድ የሐዘን ፊት ለብሶ ሊጠይቀው መጣና ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ "እንግዲህ ሮማና አለችልን" አለ።

ሮማና የካሲያን አንድ ልጁ ናት። ግራትስ ከተማ ሄዳ ሥራ ይዛ ነበር፤ እናቷ ስትሞት ለአንድ ክረምት ብላ ተመለሰችና ቀረች። ሥራዋ በረዶ መደልደል ነው። ጎህ ሳይቀድ ያን ቤት የሚያህል፣ ጎማው እንደ ታንክ ሰንሰለት የሆነ ማሽን እየነዳች ሰባት ቁጥርን ከላይ እስከ ታች እየደፈጠጠች ታለሰልሳለች። አባቷ "ለአንድ ክረምት" የሚለውን ቃል ከሷ አፍ የሰማ ቀን እራት አልበላም። አሁን ደግሞ ስኪው! አንድ ጊዜ የባርቶልን ጠፍር እግሯ ላይ ከጠመጠመች የጋሪ ሠሪው ቤት ልጅ መሆኗ አበቃ፤ ጋሪ ሠሪዋ ራሷ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ የምትወጣበት በር የለም።

ስለዚህ ሰበብ መደርደር ጀመረ።

"እንጨቱ ተጣሟል" አለ ሰኞ።

"አየሁት አባዬ፣ አልተጣመመም" አለች ሮማና።

"ሰሙ ለዚህ ብርድ አይሆንም" አለ ማክሰኞ ጠዋት።

"ሌላ ሰም እቀባዋለሁ።"

"ሱሪው ይሰፋሻል።"

"ቀበቶ አለኝ። አባዬ፣ ቅናት ከያዘህ ቅናት ያዘኝ በለኝ።"

ማታውን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሽማግሌው ጭብጨባው እንዳይቀርበት ልጁን ከለከላት ተባለ። 

ረቡዕ ዕለት፣ አልሄድም ብሎ ከምሳ በኋላ ሲንቆራጠጥ ቆየና በመጨረሻ ዱላውን ይዞ ወጣ። መቼም አይቀርላት፣ ቢያንስ ጠፍሩን በራሴ እጅ ልጠምጥምላት አለ። በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው በሚወጣው ካቢን በር ላይ ኮርቻ ሠሪው ጌብሃርድ ተቀላቀለው። ጌብሃርድ አብሮ አደጉ ነው፤ ቤቱም ሥራውም ስሙም አንድ የሆነለት የመንደሩ ብቸኛ ሰው። ሁለቱ ብቻቸውን ተሳፈሩ። በሩ ተዘጋ፣ ገመዱ ጎተታቸው፣ መንደሩ ከእግራቸው ሥር ራቀ።

"እህ፣ የእጄን ሥራ ልየው ብዬ ነው የወጣሁት" አለ ጌብሃርድ እጁን እያፋተገ።

"የምን የእጅህን ሥራ?"

"የጠፍርህን ነዋ! አልነገረችህም እንዴ? ሰኞ ሮማና ይዛልኝ መጣች። አንተ ሰውዬ ግን አታፍርም? በልብስ ክር! አክስቴ ካልሲ የምትደርትበት ክር እኮ ነው! ልጅቷን ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? 'አባትሽ እስካሁን በሕይወት ያለው በጸሎት ነው' አልኳት።"

ካሲያን ዞሮ አየው። "ምን አደረግኸው?"

"ምን አደርገዋለሁ፣ ወረወርኩት። አዲስ ጠፍር ቆረጥኩላት፣ ከወፍራሙ ከጀርባ ቆዳ፣ ያለምንም ስፌት አንድ ወጥ። ላም ይዛ ብትጎትተው አይበጠስም።"

"አይበጠስም?"

"ስልህ! ሁለት ላም!"

ካሲያን መስኮቱን ያዘ። ከታች ሰባት ቁጥር ተዘርግቷል፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ እንደ ታጠበ ሳህን የሚያብረቀርቅ። ሌሊት የተነፋው የማሽን በረዶ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ የራሷ የሮማና ማሽን ተመላልሶበታል። የአባቱ እንጨት የተሠራው ለለስላሳ በረዶ ነው፣ ጉልበት ድረስ ለሚውጥ፣ ሲወድቁበት ለሚያቅፍ። በዚህ ላይ ብረት የሌለው እንጨት ምኑንም አይነክስም። እሱ ራሱ ባለፉት ክረምቶች ስንቴ እንደወደቀ፣ ስንቴ ክሩ ጠብ ብሎ እንዳተረፈው እሱ ያውቃል። ከታች ላለው ሰው አወዳደቁ ቀልድ ይመስል ነበር፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሲያውለበልብ ያጨበጭቡለታል። ሮማና ስትወድቅ ግን የሚለቃት ነገር የለም።

"ገደልካት" አለ።

"እኔ? ምን አልኩህ እንግዲህ—"

በዚህ መሃል ካቢኑ አንዴ ወደ ፊት ተንጎማለለና ቀጥ አለ። ነፋስ ነው። የላይኛው ሸንተረር ላይ ሲበረታ ገመዱን ያቆሙታል። ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ሴት ልጅ በተረጋጋ ድምፅ፣ ነፋሱ እስኪበርድ በትዕግሥት ይጠብቁ፣ በሩን ለመክፈት አይሞክሩ አለች። ከዚያ ዝም። ካቢኑ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ብርጭቆው በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ።

ካሲያን በእጅጌው ጠረገው። መነሻው ጎጆ ከነሱ በታች ወለል ብሎ ይታያል። በሩ ላይ ሮማና ተንበርክካለች። የአያቷን ባርኔጣ አድርጋለች። ጠፍሩን እየጠመጠመች ነው፤ እሱ ሲጠመጥም አይታ እንደተማረችው፣ አንድ ዙር ተረከዝ፣ አንድ ዙር ቁርጭምጭሚት። በደንብ ታጠብቃለች። አንዱን እግር ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች።

ስልኳ ላይ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። የሱፍ ሱሪው ስልክ የሚይዝ ኪስ ስለሌለው ስልኳ ጎጆ ውስጥ ካፖርቷ ኪስ ነው። በላይኛዋ ጠባብ የአየር መግቢያ አፉን ደቅኖ "ሮማና!" ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን ከከንፈሩ ላይ ወሰደው። ብርጭቆውን በዱላው ደበደበ። ዱላው ነጠረ እንጂ ማንም ቀና አላለም።

"ተው፣ ካቢኑን ታወርደዋለህ!" አለ ጌብሃርድ መቀመጫውን አንቆ።

ኤቫልድ ጋ ደወለ። ይሄኛው ወዲያው አነሳ፤ ከጀርባው ሙዚቃና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"ኤቫልድ፣ አስቁማት። ጠፍሩ ተለውጧል፤ አይበጠስም።"

"እንዴ፣ እንዳይበጠስ አይደል የሚፈለገው ጋሽ ካሲያን?" ኤቫልድ ሳቀ። "ሰኞ እንጨቱ ነው አሉ፣ ትናንት ሰሙ ነው አሉ፤ ዛሬ ደግሞ ጠፍሩ ጠነከረ! የነገውን ደግሞ እንጃ። ይተዉላት እስቲ፣ የልጅ ደስታ ነው።"

"የኔ በክር የተሰፋ ነበር! ስወድቅ ይለቅ ነበር!"

"እሺ፣ እሺ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።" ዘጋው።

ጌብሃርድ ስልኩን ነጥቆ ራሱ ደወለ። "ስማ ኤቫልድ፣ እውነቱን ነው፣ ቆዳው የኔ ነው፣ ላም ብትጎትተው—" ብሎ ሳይጨርስ፣ "ሁለታችሁ የት ጠጥታችሁ ነው?" የሚል መልስ ሰምቶ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

ከታች ሮማና ቆመች። እግሯን አንስታ አንዴ፣ ሁለቴ መታች። እንጨቱ አብሯት ተነሳ፤ የራሷ አጥንት ይመስል። ካሲያን ወደ መነሻው አፋፍ ስትራመድ አያት። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሸለቆ ታስሬያለሁ ሲል ነበር፤ እስራት ግን ይሄ ነው። ሁሉን እያየ፣ ሁሉን እያወቀ፣ በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ በአየር ላይ መንጠልጠል።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ኤቫልድ ከገና ጀምሮ አንድ ነገር ሲለምነው ነበር፤ የመሰናበቻ ንግግር። እሱ ደግሞ ከነጭራሹ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ደወለ፣ ድምፁን አለሰለሰ።

"ኤቫልድ፣ አስቸገርኩህ። ሽማግሌ ነኝ፤ ልቀቅ ማለት ከበደኝ። እስቲ ከመውረዷ በፊት ማይኩን ስልኩ ላይ አድርግልኝ፤ ለእንግዶቹ የስንብት ቃል ልናገር።"

"አቤት! ይሄን ነበር ስጠብቅ የነበረው!" አለ ኤቫልድ። ሙዚቃው ቆመ። "ክቡራትና ክቡራን፣ ከሰማይ ላይ፣ ከካቢኑ ውስጥ፣ አንጋፋው ጋሪ ሠሪ ያነጋግረናል!"

ካሲያን ትንፋሹን ሳበ። ሲናገር የገዛ ድምፁን ትንሽ ዘግይቶ ከተራራው በታች ሰማው፤ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ፣ እንደ አባቱ።

"ሮማና። እኔ ነኝ። ጠፍሩን ፍቺው። ያ አይለቅሽም። የኔ ይለቀኝ ነበር፤ በልብስ ክር ነበር የምሰፋው፣ አያትሽም እንደዚያው። ታስሯል ሲባል ዝም ብዬ ሰማሁ እንጂ ታስሬ ወርጄ አላውቅም። አንድም ቀን። ስትወድቂ እግርሽ ነው የሚበጠሰው። ቅናት አይደለም ልጄ። ፍቺው።"

ከታች ሳቅ ተነሳ። ከእንግዶቹ ከገባቸው ይልቅ ያልገባቸው ይበዛሉ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። ሮማና ግን ቀና አለች። ብዙ ካቢኖች ተንጠልጥለዋል፤ በየትኛው እንዳለ አታውቅም፤ በየተራ አየቻቸው። ከዚያ ተንበረከከች።

ቋጠሮው ቀዝቅዞ ደርቋል። ጓንቷን አወለቀች፣ በጥፍሯ ታገለችው፣ በጥርሷ ሞከረችው። ካሲያን እጁን ብርጭቆው ላይ ለጥፏል፤ ጣቶቹ ያለ ፈቃዱ ቋጠሮ ይፈታሉ፣ ይፈታሉ። በመጨረሻ እጇ ወደ ጭኗ ሄደ። የሸለቆው ሰው የሱፍ ሱሪ ጭኑ ላይ የቢላ ኪስ አለው፤ የባርቶል ቢላ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። መዘዘችው።

"ተይ! አዲሱን ቆዳዬን!" አለ ጌብሃርድ፤ ከዚያ ካሲያንን አየና፣ "ትቁረጠው፣ ትቁረጠው" አለ ቶሎ ብሎ።

ሁለቱንም ቆረጠቻቸው። ስኪዎቹን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ የገመድ ወንበር ሳይኖር ሰዎች ወደ ላይ ይሸከሟቸው እንደነበረው፣ በመረቡ ዳር እየረገጠች በእግሯ ወረደች። ጭብጨባው እስከ ካቢኑ ድረስ ተሰማ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ካሲያን ለራሱ ሰምቶ አያውቅም። ካቢኑ ግን አሁንም አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ ታች እስኪመለሱ ድረስ ቀኑ መሽቶ ነበር።

ማታ ቤት ውስጥ የገብስ ሾርባ ቀርቦ፣ ማንኪያ ሳይነሳ ኤቫልድ ከተፍ አለ። ፊቱ በርቷል።

"ሮማና፣ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ቢላዋ! በየሳምንቱ እንደዚያው ብናደርገውስ? ታስሪያለሽ፣ ጋሽ ካሲያን ከላይ ይጮሃሉ፣ ትቆርጪዋለሽ። ጌብሃርድ ጠፍሩን ያቀርባል።"

"ለምን አንተ አትታሰርም?" አለችው።

"እኔ? እኔ እኮ ጋሪ ሠሪ አይደለሁም።"

"ና እኛ ጋ እደር። ሁለት ክረምት ካለፈ አንተንም ጋሪ ሠሪው ይሉሃል።"

ኤቫልድ ሳቀ፣ ከዚያ ብቻውን እየሳቀ መሆኑ ሲገባው ተነስቶ ሄደ። አባትና ልጅ ሾርባቸውን ጠጡ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች ሮማና።

"ማን ጠየቀኝ?"

"ያን በረዶ በየማለዳው የማጠነክረው እኔ ነኝ። እንደ ሻወር ቤት ወለል ነው የማደርገው። ብረት የሌለው እንጨት ይዘህ እንዴት ነበር የምትወርደው?"

"እየፈራሁ።"

ሮማና ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ረቡዕ እወርዳለሁ" አለች። "እስከ ፋሲካ ብቻ። ካልወረድኩ ኤቫልድ ከከተማ አንዱን ሞኝ ያመጣና እግሩን ያሰብረዋል። ጠፍሩን አንተ ትሰፋለህ።"

"እስከ ፋሲካ ብቻ" አለ ካሲያን። ምድር ቤት ያለው ሣጥን ትዝ አለው።  መብራት አብርቶ ክር ፍለጋ ወረደ።

ላንባህ ውስጥ እንግዳ የሚለወጠው ቅዳሜ ነው። ያን ንግግር የሰማው ሁሉ ሻንጣውን አሥሮ ሄደ፤ ስለ ክሩ የማያውቅ አዲስ ሰው አልጋውን ያዘ። ረቡዕ ሲደርስ ኤቫልድ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "ክቡራትና ክቡራን! ይህች ሴት እንደ ጥንቱ ታስራለች! መውጫ የላትም!" አለ።

ካሲያን በዱላው ተደግፎ ከታች፣ መረቡ አጠገብ ቆሟል። ያየው ነገር ግን ባለፈው ያልነበረ ነው። ሰባት ቁጥር እንደ ወትሮው ተደልድሎ ያብረቀርቃል፤ በቀኝ በኩል ብቻ፣ ከመረቡ ሥር ከላይ እስከ ታች፣ ማሽኑ ያልነካው ሰርጥ ቀርቷል። ሰማይ የጣለው በረዶ ነው፤ ለስላሳ፣ ጎርበጥባጣ፣ ወርዱ ጋሪ ቢያሳልፍ ነው። ጠዋት አለቃዋ ለምን ዘለልሽው ብሎ ሲጠይቃት "ማሽኑ ተንሸራተተ" አለችው አሉ። በአንድ ወገን መረብ፣ በሌላው ወገን የማሽን በረዶ፤ ከዚያ ሁሉ ተራራ ለባርቶል እንጨት የቀረው ይሄ ነው።

ሮማና በዚያ ላይ ወረደች። ጉልበቷን አጥፋ፣ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ አባቷ እንዳስተማራት ዝግ ብላ። እንጨቱ በለስላሳው በረዶ ላይ ድምፅ የለውም። ካሲያን ሳያውቀው ከንፈሩ "አሁን፣ አሁን ዙሪ" ይላል። የመበለቷ ጉልበት የነበረበት ቦታ ስትደርስ፣ ዶዘሩ ዳር ላይ የተረፈችውን አንዲት ትንሽ ጉብታ በረዶው ሸፍኗት ኖሮ፣ የግራ ጫፏ ሽቅብ አለ። ወደቀች። በረዶው ተቀበላት። እግሯ ተጠመዘዘ፣ ክሩ ጠብ አለ፣ አንዱ ስኪ ብቻውን አፈትልኮ ቁልቁል ተወረወረ።

"ስኪ!" ብሎ ጮኸ ካሲያን።

ከደረቱ የወጣው ሳያስበው ነው። እንደ ድሮው ሰው ሁሉ ያለውን ጥሎ ዘወር የሚል መስሎት ነበር። ዘወር ያለ ግን አልነበረም። አዲሶቹ እንግዶች የደስታ ጩኸት መሰላቸው፤ ሞቅ ብሏቸው እጃቸውን እያወዛወዙ "ስኪ! ስኪ! ስኪ!" እያሉ ተቀበሉት። ኤቫልድም በማይኩ አስተጋባው።

ስኪው ግን ሰርጡን ይዞ ነበር። መረቡና ጠንካራው በረዶ መሃል ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ቀጥ ብሎ ወደ ሽማግሌው መጣ። ካሲያን ዱላውን በረዶው ውስጥ ሰካና በጤነኛው እግሩ ደገፈው። እንጨቱ መትቶት ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ጠፍሩ ላይ ክሩ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

ቀና አለ። ሮማና በረዶው ውስጥ ተቀምጣ ባርኔጣዋን እያራገፈች ትስቃለች። አንዱ እግሯ ገና እንደታሰረ ነው። ሌላውን ግን በአየር ላይ አንስታ ለአባቷ ታወዛውዝለታለች።